ሀያኛው ገጽ ላይ ለቆማችሁ፦ የስክሪፕት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም ስክሪፕት መጻፍ ምትፈልጉ ጠይቁን ብለን ስለነበር በዚ ወር የመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ፊልም ጽሑፍ ነው። ሁሉንም መመለስ አይቻልም፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ የተወሰኑትን መርጫለሁ፣ ስማችን ይቅር ያላችሁም ስላላችሁ የሁላችሁንም ስም ትቼዋለሁ። ሳነባችሁ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ፣ ሁላችሁም ማለት ይቻላል "ችሎታው አለኝ ወይስ የለኝም" እያላችሁ ነው ምትጨነቁት። እኔ ከደብዳቤዎቻችሁ ያየሁት ችግር ግን እሱ አይደለም፣ አብዛኞቻችሁ እጅ ላይ ያለው ያልተጨረሰ ስክሪፕት ነው። ያልተጨረሰ ነገር ደግሞ ማንም ሊያነብላችሁም ሊያርምላችሁም አይችልም፣ ችሎታ ይኑራችሁ አይኑራችሁ እናንተም ልታውቁት አትችሉም። ስለዚ መልሶቼ ዞረው ዞረው እዛው ቢመጡባችሁ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ ጭንቅላቴ ውስጥ ታሪክ ሞልቷል ግን አንዱንም ጨርሼ አላውቅም። ሀያ ገጽ አካባቢ ስደርስ ይደርቅብኛል፣ ከዛ ሌላ የተሻለ ሐሳብ ይመጣልኝና እሱን እጀምራለሁ፣ እሱም እንደዛው ይሆናል። ሰነፍ ነኝ ወይስ ተሰጥኦው የለኝም? (ጀማሪዋ)

መልስ፦ ሰነፍማ አይደለሽም እህቴ፣ ሰነፍ ሰው እየደጋገመ ሀያ ሀያ ገጽ አይጽፍም። ሀያ ገጽ ላይ መድረቅ በጣም የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ መነሻውን ታውቂዋለሽ መድረሻውን ግን አታውቂውም። መነሻ ያጓጓል። ለምሳሌ አንዲት ልጅ በሰርጓ ዋዜማ የማታውቀው ሰው በሯን አንኳክቶ ደብዳቤ ይሰጣታል እንበል። ጥሩ ነው፣ እኔም ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ግን ልጅቷ ምንድነው ምትፈልገው? ማነው ሚከለክላት? ካላገኘችው ምን ታጣለች? እነዚህን ሳትመልሺ ከገባሽበት የመጀመሪያው ጉጉት ሰዎቹን ሁሉ እስክታስተዋውቂ ድረስ ይወስድሽና ከዛ በኋላ ሚሠሩት ነገር ያጣሉ፣ አንቺም ምትጽፊው ታጪያለሽ።

እና ከመጻፍሽ በፊት በአንድ አረፍተ ነገር አስቀምጪው፣ ሎግላይን ሚባለው ነው። ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል። "አንዲት ሙሽራ ሞቷል የተባለው አባቷ በህይወት እንዳለ ስትሰማ ሰርጉ ሳይደርስ ልታገኘው ትነሳለች፣ እናቷ ግን እንዳይገናኙ የማታደርገው የለም።" አየሽ፣ አሁን የመሀሉ ሰላሳና አርባ ገጽ ከየት እንደሚመጣ ይታያል። እናትየው ደብዳቤውን ትደብቃለች፣ ስለዚ ልጅቷ ያመጣውን ሰው ፍለጋ ትወጣለች፣ ግን እጮኛዋ ስትወጣ ያያታል፣ ስለዚ መዋሸት አለባት። ትዕይንቶችሽን በአንድ አንድ መስመር ጽፈሽ ደርድሪያቸውና በመሀላቸው ምን ቃል እንደሚገባ እዪ። "ከዛ… ከዛ… ከዛ…" ከሆነ ታሪክሽ እየተራመደ አይደለም፣ ዝም ብሎ እየተደረደረ ነው። "ስለዚ" ወይም "ግን" የሚል ከገባ አንዱ ሌላውን እየወለደው ነው ማለት ነው። ከዛ የመጨረሻውን ሲን (ትዕይንት ማለት ነው) ከሌላው ሁሉ በፊት ጻፊው፣ መጥፎ ቢሆንም ጻፊው፣ በኋላ ትቀይሪዋለሽ። ወዴት እንደምትሄጂ ካወቅሽ ሀያኛው ገጽ ላይ አትቆሚም።

አዲስ ሐሳብ ሲመጣብሽ ደግሞ (ይመጣል፣ በተለይ የጀመርሽው ሲከብድሽ) ማስታወሻ ላይ በሁለት መስመር አስፍሪውና ተመለሺ። አዲሱ የተሻለ የሚመስልሽ ገና ስላልጻፍሽው ነው። ሌላው፣ የመጀመሪያ ሥራሽ ለምን ሙሉ ፊልም ይሆናል? ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንዱ የሚፈልገው ሌላው የማይሰጠው ነገር፣ ስድስት ሰባት ገጽ። እሱን ጨርሺ። የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን ሲጀምር በጣም ሌላ ሰው ሆኖ ነው ሚጀምረው፣ ብዙ ጀማሪ ላይ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፊልም አልተማርኩም፣ ላፕቶፕም የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ሶፍትዌርም ሳይኖር ስክሪፕት ጸሐፊ መሆን ይቻላል ወይስ ጊዜዬን ነው ማባክነው?

መልስ፦ ይቻላል ወንድሜ። ሺኖቡ ሀሺሞቶ ሚባል ጃፓናዊ ጸሐፊ ነበር፣ እ.ኤ.አ በ1918 ተወልዶ በ2018 በመቶ ዓመቱ ነው ያረፈው። ወጣት እያለ ወታደርነት ገብቶ ሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ለህክምና ሳናቶሪየም (የሳንባ ነቀርሳ ማከሚያ) አስገቡት፣ እዛ አብሮት የታመመ ሰው የፊልም መጽሔት አቀበለው፣ መጽሔቱ ውስጥ ስክሪፕት ታትሞ ነበር። አነበበውና ይሄንንማ እኔም እችለዋለሁ አለ፣ ቀጥሎም በአገሩ ከሁሉ የሚበልጠው የስክሪፕት ጸሐፊ ማነው ብሎ ጠየቀ። ማንሳኩ ኢታሚ ነው አሉት። ጻፈና ለኢታሚ ላከለት፣ ኢታሚም አስተያየት መለሰለት፣ አስተማሪው ሆነ። ሀሺሞቶ ቢሮ እየሠራ መጻፉን ቀጠለ፣ በኋላ ከአንድ አጭር ልብወለድ ተነስቶ የጻፈው ስክሪፕት ታዋቂው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ እጅ ገባ። ለሙሉ ፊልም ያጥር ስለነበር ተጨመረበት፣ እ.ኤ.አ በ1950 ራሾሞን ተብሎ ወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ወሰደ። ሆስፒታል ተኝቶ የጀመረው ነው ይሄ ሁሉ! ሰውየው ያደረገውን ልብ በል፣ አንድ ስክሪፕት አነበበ፣ የራሱን ጨረሰ፣ ለሚያውቅ ሰው ላከ። ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፣ እድሉን ካገኘህ ግባ፣ ግን እነዚህን ሦስቱን ማንም አይከለክልህም።

ስለ ስልኩ። ፋውንቴን ሚባል አጻጻፍ አለ፣ ፕሮግራም ሳይሆን የአጻጻፍ ደንብ ነው፣ ማንኛውም ማስታወሻ መጻፊያ አፕ ላይ ተራ ጽሑፍ አድርገህ ትጽፍና ደንቡን የሚያነብ ፕሮግራም ወደ ስክሪፕት ቅርጽ ይቀይረዋል፣ በነጻ የሚገኙም አሉ። አንድ ችግር አለ፣ ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ስለሆነ የተናጋሪውን ስም ሚለዩት በትልልቅ ፊደል በመጻፉ ነው፣ የኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከገጸ ባህሪው ስም በፊት @ አድርግ፣ ከትዕይንቱ ርዕስ በፊት ደግሞ አንድ ነጥብ (.) አድርግ፣ ይለየዋል። ይሄን ባለማወቅ ብቻ ሶፍትዌሩ አማርኛ አይሠራም ብለው የተዉ ሰዎች አሉ።

ከመጻፉ እኩል አንብብ። ብዙ የፊልም ኩባንያዎች በሽልማት ሰሞን የፊልሞቻቸውን ስክሪፕት ራሳቸው በነጻ ድረገጻቸው ላይ ይለቃሉ፣ አውርድ። እና እንዲህ ተለማመድ፣ አንድ ሲን ድምጹን አጥፍተህ እይ፣ ያየኸውን በራስህ ስክሪፕት አድርገህ ጻፈው፣ ከዛ ከዋናው ጋር አስተያየው። አንተ በአንድ ገጽ ያልከውን እነሱ በአራት መስመር ብለውት ስታገኘው ምን ማውጣት እንዳለብህ በራስህ ጽሑፍ ላይ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ፎርማት ፎርማት ይላሉ፣ ምንድነው በቀላሉ?

መልስ፦ በቀላሉ፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ርዕስ አለው፣ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ፣ ቦታው የት ነው፣ ቀን ነው ወይስ ማታ። ከስሩ ሚታየውና ሚሰማው ድርጊት በአሁን ጊዜ ይጻፋል ("ገባ" ሳይሆን "ይገባል")። ከዛ የተናጋሪው ስም ወደ መሀል ገባ ብሎ፣ ንግግሩ ከስሙ ስር። በቃ ይሄው ነው፣ ካሜራው እንዲህ ይሂድ እንዲያ ይዙር ምናምን አትጻፉ፣ እሱ የዳይሬክተሩና የካሜራ ባለሙያው ሥራ ነው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ሲባል ትሰማላችሁ፣ ሙሉ ፊልምም ከ90 እስከ 120 ገጽ ይባላል፣ ልክ ነው ግን ልኬቱ የወጣው ኩሪየር በሚባለው ፎንት በ12 መጠን ለሚጻፍ እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ፊደል ስትጽፉ ገጹ ሌላ ነው ሚሆነው፣ ስለዚ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ ድርጊቱንም ንግግሩንም ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ የእናንተ ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በአምስት ስድስት ገጽ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቴን ለአንድ ዳይሬክተር ሰጠሁት፣ "ይሄ ልብወለድ ነው" ብሎ መለሰልኝ። ምን ማለቱ ነው? የመጀመሪያውን አንቀጽ ልኬልዎታለሁ፣ "ዮናስ ዕድሜውን ሙሉ ብቸኝነት ሲያሳድደው የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ልደቱ ነው፣ ማንም እንደማያስታውሰው ግን ልቡ ያውቀዋል።"

መልስ፦ አንቀጹን ስለላክልኝ አመሰግናለሁ፣ ባትልከው ባዶ ምክር ነበር ምሰጥህ። አጻጻፍህ ያምራል፣ ዳይሬክተሩ ሊል የፈለገው ግን ይሄን ይመስለኛል፣ "ልቡ ያውቀዋል" የሚለውን ተዋናዩ እንዴት አድርጎ ይጫወተው? ካሜራውስ የት ይቁም? "ዕድሜውን ሙሉ" የሚለውን ተመልካቹ በምን ያየዋል? ያነበበው ሰው ብቻ ነው ሚያውቀው፣ ፊልሙን ሚያየው ሰው ደግሞ አያነበውም። እስቲ እንዲህ እናድርገው።

ውስጥ፣ የዮናስ ክፍል፣ ማታ።
ዮናስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ያስቀምጣል። ስልኩን ያያል፣ ምንም የለም። ድምጹን እስከመጨረሻው ከፍ አድርጎ አጠገቡ ያኖረዋል። ይጠብቃል። ስልኩ ይጮሃል፣ ቶሎ ያነሳዋል። ከባንክ የተላከ መልእክት ነው፣ "እንኳን ለልደትዎ አደረሰዎ።" ዮናስ አንዱን ሳህን አንስቶ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል።

ብቸኝነት የሚል ቃል የለም፣ ልቡም አልተጠቀሰም፣ ግን ልደቱ እንደሆነ አወቅን፣ ሰው እየጠበቀ እንደነበር አወቅን፣ እንዳልመጣለትም አወቅን። ተዋናዩም ሚሠራው ነገር አገኘ፣ ሳህን ማስቀመጥ፣ ድምጽ መጨመር፣ ቶሎ ማንሳት፣ መመለስ። የፕሮፕ (ለቀረጻ ሚያስፈልጉ ዕቃዎች) ባለሙያው ሳህንና ስልክ እንደሚያስፈልግ አወቀ። ስክሪፕት ሌሎች ሰዎች ሊሠሩበት ሚጻፍ ነገር ነው፣ እያንዳንዱን መስመር ስትጽፍ ማን ምን ይሠራበታል ብለህ ጠይቅ። የገጸ ባህሪው ሐሳብ በድምጽ ይሰማ ማለትም ይቻላል፣ ክልክል አይደለም፣ ግን ሌላ መንገድ ሞክረህ ሲጠፋ ይሁን።

ንግግር ላይም ያው ነው። ከላክኸው ውስጥ ወንድም እህቱን "እንደምታውቂው አባታችን ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው" ይላታል። ካወቀችው ለምን ይነግራታል? ለተመልካቹ ነው ሚነግረው፣ ተመልካቹም ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ወንድምየው "ጫማውን እስካሁን አልሰጠሽውም?" ይበላት፣ እሷ "ለማን?" ትበል፣ እሱ "ለሚፈልግ ሰው" ይበል፣ እሷ "እኔ እፈልገዋለሁ" ትበል። አባት የሚለውን ቃል ሳንሰማ እንኳን ሰው እንደሞተባቸው ገብቶናል፣ እሱ ሊረሳ እንደሚፈልግ እሷ እንደማትፈልግም ገብቶናል። አምስት ዓመቱን ሌላ ቦታ ታስገባዋለህ፣ ምናልባትም ጭራሽ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ሐሳቤን እንዳይሰርቁኝ ፈርቼ ለማንም አላሳይም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፍርሃትሽ መሠረት የለውም አልልም፣ የተበደለ ሰው አለ። ግን ሕጉን እወቂው። በአብዛኛው ዓለም የቅጂ መብት ሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተጻፈበትን መንገድ ነው። "ሙሽራ አባቷን ትፈልጋለች" የሚለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ አንቺ የጻፍሽውን ትዕይንት፣ ንግግር፣ የታሪክ ቅደም ተከተል ግን ወስዶ የራሱ ማድረግ አይችልም። እ.ኤ.አ በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት (የበርን ስምምነት) ባስቀመጠው መርህ ደግሞ መብቱ ሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው፣ ምዝገባ የግድ አይደለም፣ ምዝገባ ባለበት ግን ተመዝገቢ፣ ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ይሆንሻል። እንግዲህ ከዚ የሚወጣው ምንድነው፣ በሐሳብ ደረጃ ያለ ነገር በጣም የተጋለጠ ነው፣ ተጽፎ ያለቀ ነገር ግን የተሻለ ይጠበቃል፣ ስለዚ ጨርሺው።

ከዛ ድራፍቶችሽን በየቀናቸው አስቀምጪ፣ በኢሜይል ላኪ እንጂ በቃል ብቻ አትተርኪ፣ ለማን መቼ እንደላክሽ ያዢ። ገንዘብ ወይም "እንሥራው" የሚል ነገር ሲመጣ ደግሞ ሳይፈረም ምንም አይሂድ፣ ወረቀቱ ላይ ስምሽ በምን መልኩ እንደሚወጣ፣ ስንት መቼ እንደሚከፈልሽ፣ እንደገና ጻፊ ቢሉሽ ስንት ጊዜ እንደምትጽፊ፣ በተባለው ጊዜ ካልሠሩት መብቱ እንደሚመለስልሽ ይጻፍ። ጓደኛ ነው ብለሽ አትለፊው፣ ለጓደኝነቱም የተጻፈው ነው ሚሻለው።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያየሁትን መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ልጆቼ ግን አሁን ምን ያደርግልሻል ይሉኛል። ዘግይቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ በፍጹም አልዘገየብዎትም፣ ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዴቪድ ሳይድለር ዘ ኪንግስ ስፒች ለሚለው ፊልም እ.ኤ.አ በ2011 ኦስካር ሲወስድ 73 ዓመቱ ነበር። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛም ይንተባተብ ስለነበር ታሪኩን ለመጻፍ ለረጅም ዘመን ይመኝ ነበር፣ የንጉሡን ባለቤት ፈቃድ ሲጠይቅ በህይወት እያለሁ አይሁን ስላሉት እሳቸው እ.ኤ.አ በ2002 እስኪያርፉ ጠበቀ። ጄምስ አይቮሪ ደግሞ በ2018 በ89 ዓመቱ ነው ለስክሪፕት ኦስካር ያገኘው። ሁለቱም ለብዙ ዓመት በሙያው የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ያንን መደበቅ አልፈልግም፣ ግን ሳይድለር ያንን ፊልም የጻፈበት ነገር ከልጅነቱ ይዞት የመጣው ነው። እርስዎም ይዘው የመጡት አለ። የሌሊት ተረኛ ነርስ የታማሚውን ቤተሰብ እንዴት ብላ እንደምታናግር፣ ሐኪሙ ፊት ምን እንደማትል፣ እጇን ስትታጠብ ምን እንደምታስብ እኔ አላውቀውም፣ እርስዎ ያውቁታል። የታማሚዎቹን ስምና ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን ይቀይሩ፣ የሙያዎ ቃል ነው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ታማሚ አድርገው ይጀምሩ፣ ልጆችዎ ደግሞ ሲያልቅ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ስክሪፕት ይጽፋል፣ ታዲያ እኛ ለምን እንለፋለን?

መልስ፦ እ.ኤ.አ በ2023 የአሜሪካ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ማኅበር 148 ቀን ሥራ ያቆመው አንዱ በዚ ጉዳይ ነው፣ በመጨረሻ በተፈረመው ስምምነት ኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጸሐፊ ተብሎ እንዳይቆጠር አስወስነዋል። እኔ ለጀማሪ ምለው፣ የጨረስከውን ስክሪፕት ፊደል ቢያርምልህ፣ ስለማታውቀው ሙያ ብትጠይቀው ችግር የለውም (መልሱን አጣራ እንጂ)። ትዕይንቱን ግን አንተ ጻፈው፣ ገና እየተማርክ ያለኸው ምን እንደሚመረጥና ምን እንደሚጣል ነው፣ እሱን ሌላ ከመረጠልህ መቼ ትማረዋለህ?

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ጨረስኩ! ለሦስት ጓደኞቼ ሰጠሁ፣ አንዱ በጣም አሪፍ ነው አለኝ፣ አንዷ ሰለቸኝ አለችኝ፣ አንዱ እስካሁን አልመለሰልኝም። ከዛ ወዲህ ፋይሉን መክፈት አስጠላኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ፣ ይሄን ዓምድ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ገና አልደረሱበትም። መጎዳትህ ይገባኛል፣ ብዙ ጊዜ የፈጀብህን ነገር አንድ ሰው በአንድ ቃል ሲለው ያማል። ግን ሦስቱም ምንም አልነገሩህም። "አሪፍ ነው" ብሎ ምን ይታረማል? "ሰለቸኝ"ም ከየት ጀምሮ እንደሆነ ካልታወቀ አይጠቅምህም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ ሰው እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ እንደዛ ነው ሚመልሰው፣ ጥያቄውን ቀይርላቸው። ያቺን ልጅ የቱ ገጽ ላይ ስልክሽን አነሳሽ በላት። አሪፍ ያለህን ልጅ ታሪኩን ሳያይ መልሶ እንዲነግርህ አድርገው፣ የዘለለው ሲን ምናልባት መውጣት ያለበት ነው። ምን ይሆናል ብለህ ጠብቀህ ነበር ብለህም ጠይቅ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙህ እዛ ቦታ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ መፍትሔ ብለው ሚሰጡህ ነገር ባይጥምህም ችግሩ ግን አለ። ስትሰማ አትከራከር፣ "እሱ እኮ ያልኩት…" ማለት ከጀመርክ ገጹ ላይ የለም ማለት ነው፣ ጻፈውና ዝም በል።

ከዚ ሁሉ ሚበልጠው ግን ሲነበብ መስማት ነው። አራት አምስት ሰው ሰብስብ፣ ተዋናይ መሆን የለባቸውም፣ ገጸ ባህሪዎቹን አከፋፍላቸው፣ ድርጊቱን አንድ ሰው ያንብብ፣ አንተ ምንም አታንብብ፣ እርሳስ ይዘህ ቁጭ በል። አንባቢው የተደናቀፈበት ንግግር አፍ ላይ አይመችም፣ አስምርበት። ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ አስምር። ያልጠበቅከው ቦታ ላይ ሲስቁም አስምር፣ የሳቁት ለጥሩ ይሁን ለመጥፎ በኋላ ታየዋለህ። ከዛ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጠውና ሌላ ነገር አንብብ። ስትመለስ ከንግግሩ አትጀምር፣ ሁሉም ጀማሪ ከንግግሩ ነው ሚጀምረው፣ ሊወጣ የሚችል ትዕይንት ላይ ቃል ሲያሳምር ይከርማል። መጀመሪያ የትኛው ሲን ቢወጣ ታሪኩ አይፈርስም ብለህ አውጣ፣ ከዛ የቀሩትን ቅደም ተከተል እይ፣ ከዛ ሰዎቹ ሚፈልጉት ነገር እስከመጨረሻው አለ ወይ፣ ንግግሩ መጨረሻ ላይ።

በሚቀጥለው እትም ንግግር ላይ ብቻ እንቆያለን። አንድ ሲን ላኩልን፣ ሁለት ሰዎች፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፣ መጨረሻ ያለው። የተመረጡትን እዚሁ ላይ መስመር በመስመር እናያቸዋለን፣ የመልሱ ተራ ያልደረሳችሁም እንዲሁ ላኩ፣ ጥያቄውን ብቻ ከሚልክ ሰው ይልቅ ገጹን የላከውን ሰው ማገዝ ይቀለኛል።